ጠመንጃ ልትገዛ ስትሄድ «ለምን?» ብሎ የሚጠይቅህ የትኛው አገር ነው?

ብሩክ_ዘ፦

ሰላም ጤና ይስጥልኝ ወገኖች። አንድ ጥያቄ ይዤ መጥቻለሁ፤ ረዘም ይላል፣ ታገሱኝ።

ባለፈው ሳምንት ከሥራ ባልደረባዬ ጋር ስለ መሣሪያ ሕግ ተከራከርን። እሱ እንዲህ ነው የሚለው፦ «ስዊዘርላንድ ውስጥ በየቤቱ ጠመንጃ አለ፣ ሰዎቹ ግን ሰላም ናቸው። ሜክሲኮ ውስጥ በሕጋዊ መንገድ መሣሪያ መግዛት መከራ ነው፣ ሰው ግን እንደ ቅጠል ይረግፋል። ስለዚህ ሕግ ምንም አይፈይድም።» እኔ ጃፓንን አነሳሁበት። «ጃፓን ባህሉ ነው እንጂ ሕጉ አይደለም» አለኝ። ዝም አልኩ። አምኜለት አይደለም፤ የምመልሰው አጥቼ ነው።

ማታ ቤት ገብቼ ማንበብ ጀመርኩ። መጀመሪያ አገሮቹን «የተፈቀደባቸው» እና «የተከለከለባቸው» ብዬ ለሁለት ልከፍላቸው ሞከርኩ። አልሆነም። እንግሊዝ «የተከለከለ ነው» ይባላል፣ ግን ገበሬው የአደን ጠመንጃ አለው። አሜሪካ «የተፈቀደ ነው» ይባላል፣ ግን አንዱ ግዛት የሚፈቅደው ነገር ሌላው ጋ ያሳስራል። ካናዳ ሌላ፣ ጀርመን ሌላ፣ ቼክ ሌላ። ጭንቅላቴ ዞረ።

እንግዲህ ጥያቄዬ ይኸው፦ የአገሮቹ ሕግ በእርግጥ የሚለያየው ምኑ ላይ ነው? ልዩነቱስ በሰው ሕይወት ላይ ለውጥ ያመጣል ወይስ ባልደረባዬ እንዳለው ወረቀት ብቻ ነው? የምጠይቀው ክርክር ለማሸነፍ ብቻ አይደለም። ወንድሜ አሜሪካ ነው የሚኖረው። ሽጉጥ ገዝቷል፣ ሁለት ትንንሽ ልጆች አሉት። ነገሩ እንቅልፍ ይነሳኛል።

—

የሕግ_ነገር፦

ብሩክ፣ «ይፈቀዳል ወይስ ይከለከላል» የሚለውን ተወው። ያምታታህ እሱ ነው። አንድ ጥያቄ ብቻ ያዝ፦ ምክንያት ማቅረብ ያለበት ማነው? አንተ ነህ ወይስ መንግሥት? (ዓመቶቹን በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው የምጽፈው።)

አሜሪካ ውስጥ ምክንያት ማቅረብ ያለበት መንግሥት ነው። በ1791 የጸደቀው ሁለተኛው የሕገ መንግሥት ማሻሻያ መሣሪያ መያዝን መብት አደረገው። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ2008 መብቱ የሚሊሻ ብቻ ሳይሆን የእያንዳንዱ ሰው ነው ብሎ ወሰነ። በ2022 ደግሞ ሌላ ከባድ ውሳኔ መጣ። የኒውዮርክ ግዛት ሽጉጥ ደብቆ ታጥቆ መሄድ የሚፈልገውን ሰው «ለምን አስፈለገህ? በቂ ምክንያትህን አሳየኝ» እያለ ከመቶ ዓመት በላይ ሲጠይቅ ኖሯል። ፍርድ ቤቱ ይህን ጥያቄ ራሱን ሻረው። ሕገ መንግሥቱ ለሰጠኝ መብት ለባለሥልጣን ምክንያት አልዘረዝርም እንደማለት ነው።

አውስትራሊያ ስትሄድ ነገሩ ይገለበጣል። በ1996 ፖርት አርተር በሚባል ቦታ አንድ ሰው 35 ሰው ገደለ። በ12ኛው ቀን የፌዴራሉ መንግሥትና ክልሎቹ ተስማምተው ሕጉን ከሥር ቀየሩት። ጠቅላይ ሚኒስትሩ ጆን ሃዋርድ ወግ አጥባቂ ነበሩ፤ ከራሳቸው ደጋፊዎች ጋር ነው የተጋፈጡት። መንግሥት እየከፈለ 650,000 ገደማ መሣሪያ ሰብስቦ አጠፋ። ከዚያ ወዲህ ፈቃድ ፈላጊው እውነተኛ ምክንያት ማቅረብ አለበት። እርሻ፣ አደን፣ የዒላማ ስፖርት ይቀበሉሃል። «ራሴን ልከላከልበት ነው» ካልክ ግን አይቀበሉህም። ይህን በደንብ ልብ በል። አሜሪካ ውስጥ ፍርድ ቤቱ የመብቱ እምብርት ያደረገው ራስን መከላከል አውስትራሊያ ውስጥ ማመልከቻህን ውድቅ ያስደርገዋል።

እንግሊዝም እንደዚያው ነው። በ1996 ደንብሌን ትምህርት ቤት 16 ሕፃናትና አስተማሪያቸው ከተገደሉ በኋላ ሽጉጥ በግለሰብ እጅ መያዝ በ1997 ታገደ። ገበሬው የያዘው ሾትገን (በአንድ ተኩስ ብዙ ትንንሽ እርሳስ የሚበትን የአደን ጠመንጃ) ግን በሰርተፊኬት እስከ ዛሬ ይቻላል። እዚያው ዩናይትድ ኪንግደም ውስጥ ሰሜን አየርላንድ ተለይታ ትቀራለች። እዚያ ሽጉጥ አልታገደም፤ በሕይወቱ ላይ እውነተኛ አደጋ ያለበት ሰው ለራሱ መከላከያ ሊፈቀድለት ይችላል። የረጅም ዓመታት የትጥቅ ግጭት ታሪኳን የሚያውቅ ሰው ምክንያቱ አይጠፋውም።

መሀል ላይ የቆመች አገር ከፈለግህ ቼክን እይ። ራስን መከላከል በቂ ምክንያት ነው፣ ሽጉጥ ታጥቆ መሄድም ይቻላል። በ2021 ራስን በመሣሪያ መከላከልን በሕገ መንግሥት ደረጃ አስገብተውታል። ግን ፈቃዱን ለማግኘት የጽሑፍና የተግባር ፈተና ታልፋለህ፣ የሐኪም ወረቀት ታመጣለህ፣ ወንጀል እንደሌለብህ ይጣራል። ለምን እንደፈለግኸው አያስጨንቁህም፤ የሚመረምሩት ማን እንደሆንክ ነው።

—

መንገደኛ፦

የሕግ_ነገር የጻፈውን አይቼ አንድ ቀን ትዝ አለኝ። አሜሪካ እንደመጣሁ ሰሞን ጓደኛዬ ለአደን ጠመንጃ ሲገዛ አብሬው ሄድኩ። ሻጩ አንድ ቅጽ ሰጠው። ቁጥሩ 4473 ነው። የፌዴራል ቅጽ ስለሆነ የትም ሱቅ ብትሄድ ያው ነው። ጥያቄዎቹን በትከሻው ላይ ሆኜ አነበብኩ። በከባድ ወንጀል ተፈርዶብሃል? ከሕግ ሸሽተህ ነው? ሕገ ወጥ ዕፅ ትጠቀማለህ? በቤት ውስጥ ጥቃት ተፈርዶብሃል? እንዲህ እያለ ይወርዳል። ጓደኛዬ «አይ፣ አይ፣ አይ» እያለ ምልክት አደረገ፣ ፈረመ። ሻጩ ስሙን የገዢውን ታሪክ ለሚመረምረው የመንግሥት ማጣሪያ ላከ። ጥቂት ደቂቃ ቆየን። መልስ መጣ፣ ከፈለ፣ ወጣን። «ለምን ፈለግኸው?» ያለው አንድም ሰው የለም። መተኮስ ይችል እንደሆነም አልጠየቁትም። እኔ መንጃ ፈቃድ ለማውጣት የተንከራተትኩትን አስታወስኩና ድንግጥ አልኩ።

አንድ የማይወራ ነገር ልጨምር። ያ ማጣሪያ በሦስት የሥራ ቀን ውስጥ መልስ ካልሰጠ ሻጩ መሣሪያውን ማስረከብ ይችላል። የፌዴራል ሕጉ ነው እንዲህ የሚለው። በ2015 ቻርልስተን ከተማ አንድ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ዘጠኝ ሰው የገደለው ልጅ መሣሪያውን ያገኘው በዚህ ቀዳዳ ነው። መከልከል የሚገባው ሰው ነበር፣ ማጣራቱ ዘገየ፣ ቀኑ አለፈ፣ ሰጡት። በ2022 ዕድሜያቸው ከ21 በታች ለሆኑ ገዢዎች ቀኑን እስከ አሥር የሥራ ቀን አራዝመውታል። ለሌላው ያው ሦስት ቀን ነው።

ይህ ሁሉ ደግሞ ፈቃድ ካለው ነጋዴ ስትገዛ ነው። ከግለሰብ ከገዛህ የፌዴራሉ ሕግ ማጣሪያ አያስገድድም። አንዳንድ ግዛቶች ያስገድዳሉ። ካሊፎርኒያ አሥር ቀን ታስጠብቅሃለች። ከግማሽ የሚበልጡት ግዛቶች ደግሞ ያለ ፈቃድ ሽጉጥ ታጥቆ መሄድን ፈቅደዋል። ስለዚህ «የአሜሪካ ሕግ» የሚባል አንድ ነገር የለም።

የባልደረባህን የሜክሲኮ ነገር ልመልስልህ። እውነት ነው፣ በሜክሲኮ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 10 ቤት ውስጥ መሣሪያ ማስቀመጥ መብት ነው። ግን በመላ አገሪቱ ለረጅም ዓመታት በሕጋዊ መንገድ መሣሪያ ለሕዝብ የሚሸጥ አንድ ሱቅ ብቻ ነበር፤ እሱም ሜክሲኮ ሲቲ ወታደራዊ ግቢ ውስጥ፣ በሠራዊቱ እጅ። ታዲያ ወንበዴዎቹ መሣሪያውን ከየት አመጡት? ከሰሜን፣ ከድንበር ማዶ። ከወንጀል ቦታ ተይዘው ምንጫቸው ከተጣራው ብዙው የመጣው ከአሜሪካ ሱቆች ነው። የሜክሲኮ መንግሥት በ2021 የአሜሪካ መሣሪያ አምራቾችን እስከ መክሰስ ደረሰ። በ2025 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በሙሉ ድምፅ ክሱን ዘጋው። ስለዚህ ሕግ አይሠራም አትበል በለው። የአንዱ አገር ሕግ ድንበሩ ላይ ይቆማል፣ ጠመንጃው አይቆምም።

—

ሰናይት፦

እኔ ስዊዘርላንድ ነው የምኖረው፣ ስለዚህ ይህን «በየቤቱ ጠመንጃ አለ» የሚለውን ነገር ላስተካክል። በጣም ያናድደኛል፤ ሁሌ ግማሹን ብቻ ነው የሚያወሩት።

መጀመሪያ የመጣሁ ሰሞን ዓርብ ማታ ባቡር ውስጥ አንድ የደንብ ልብስ የለበሰ ልጅ ፊት ለፊቴ ተቀመጠ። ጠመንጃውን ከሻንጣው ጎን አጋደመና እንቅልፉን ለጠጠ። ማንም ቀና ብሎ አላየውም። እኔ ብቻ ነኝ እስክወርድ ድረስ ዓይኔን ከጠመንጃው ያልነቀልኩት። ቆይቶ ነው የገባኝ። ብሔራዊ አገልግሎት ላይ ያለ ወታደር ነው፣ መሣሪያው የሠራዊቱ ነው፣ ቤቱ ይዞት ይሄዳል። ግን ከ2007 ጀምሮ የሠራዊቱን ጥይት ቤት ማስቀመጥ እንዲቀር ተወስኗል። ጠመንጃ አለ፣ ጥይት የለም። ባልደረባህ ይህን አልነገረህም።

አገልግሎቱን ሲጨርስ ጠመንጃውን ማስቀረት ይችላል፣ ግን እንደ ማንኛውም ገዢ ከካንቶኑ (ከክልሉ መስተዳድር) ፈቃድ ማውጣት አለበት። ታጥቆ መንገድ ላይ መሄድ ሌላ ጉዳይ ነው። ለዚያ ፈተና አለ፣ እውነተኛ አደጋ እንዳለብህ ማሳየት አለብህ፤ ተራ ሰው አያገኘውም። በ2019 ደግሞ ሕጉን ከአውሮፓ ኅብረት ደንብ ጋር አስማምቶ ለማጥበቅ ሕዝበ ውሳኔ ተደረገ። ከመቶ 63 በላይ የሚሆነው ድምፅ ሰጪ ይጥበቅ አለ። መሣሪያ ወዳዱ የሚባለው ሕዝብ ነው እንግዲህ።

አሁን የምጽፈው ግን የከበደኝን ነው። ስለ መሣሪያ ሲወራ ሁሉም ስለ ገዳይ ያወራል። አሜሪካ ውስጥ በጥይት ከሚሞተው ሰው ከግማሽ በላዩ በራሱ እጅ የሚሞት ነው። እኔም የቅርብ ሰው በዚህ አጥቻለሁ። ደግ ሰው ነበር። ክፉ ወር ገጠመው፣ መሣሪያው ቤት ነበር፣ በአንድ ማታ አለቀ። ያቺን ማታ ቢያልፋት ኖሮ ዛሬ በሕይወት ነበር ብዬ አምናለሁ። እንዲህ የማምነው ለመጽናናት አይደለም። ስዊዘርላንድ በ2003 ሠራዊቷን በግማሽ ገደማ ስትቀንስ በየቤቱ ያለው ጠመንጃም ቀነሰ። በሠራዊቱ ዕድሜ ክልል ያሉ ወንዶች ራሳቸውን የማጥፋታቸው ቁጥር አብሮ ወረደ፤ ብዙዎቹ ወደ ሌላ መንገድ አልዞሩም። እስራኤልም በ2006 ወታደሮች ለሰንበት ወደ ቤት ሲሄዱ መሣሪያቸውን ካምፕ እንዲተዉ ስታደርግ ቁጥሩ በ40 ከመቶ ቀንሷል። አንድ ትእዛዝ ብቻ ነው። ማንም ባህሉን አልቀየረም።

ይህን የምታነቡ በዚያ ሐሳብ ውስጥ ያላችሁ ካላችሁ፣ እባካችሁ ዛሬውኑ ለአንድ ሰው ተናገሩ። መሣሪያ ቤት ካለም ለጊዜውም ቢሆን ከቤት ይውጣ።

ብሩክ፣ ወንድምህን አንድ ነገር ብቻ ጠይቀው፦ ሽጉጡ አሁን የት ነው ያለው? አሜሪካ ውስጥ ነጋዴው ሽጉጥ ሲሸጥ መቆለፊያ አብሮ መስጠት አለበት፣ ገዢው እንዲቆልፍበት የሚያስገድድ አጠቃላይ የፌዴራል ሕግ ግን የለም። እንደ ማሳቹሴትስ ያሉ ግዛቶች ያስገድዳሉ። ግዛቱ ባያስገድደውም አንተ አስገድደው። ሽጉጡ ጥይቱ ወጥቶ ብረት ሳጥን ውስጥ ይቆለፍ፣ ጥይቱ ለብቻው ይቆለፍ፣ ልጆቹ ቁልፉ ያለበትን አይወቁ።

—

ዒላማ፦

እኔ ጀርመን ነኝ፣ ዒላማ ተኳሽ ነኝ፣ በሕጋዊ መንገድ ሁለት መሣሪያ አለኝ። የእኛን ወገን የሚናገር ስላጣሁ ልጻፍ።

የመጀመሪያውን ለመግዛት ክለብ ገብቼ 12 ወር በተከታታይ ተለማመድኩ። ፈተና ተፈተንኩ። ያኔ ዕድሜዬ ከ25 በታች ስለነበር የሥነ ልቦና ምርመራም አድርጌያለሁ። እያንዳንዱ መሣሪያ በካርዴ ላይ ተጽፏል። ወደ መለማመጃው ስሄድ ጥይቱ ወጥቶ፣ በተቆለፈ ሻንጣ ነው። አንድ ቀን ጠዋት ሳላስበው በሩ ተንኳኳ። ሁለት ሰዎች፣ መታወቂያቸውን አሳዩኝ፤ አቀማመጤን ሊያዩ ነው የመጡት። የብረት ካዝናውን ከፈትኩላቸው። የመሣሪያውን ቁጥር ከካርዱ ጋር አንድ በአንድ አመሳከሩ። ሩብ ሰዓት አልፈጀም። ከ2009 ወዲህ እንዲህ ሳይነግሩ መምጣት ይችላሉ፤ ያን ዓመት ቪኔንደን ውስጥ አንድ ልጅ አባቱ መኝታ ቤት ያለ ቁልፍ በተወው ሽጉጥ ትምህርት ቤት ገብቶ ሰው ጨረሰ። ስለዚህ አልከፋኝም። ልጅ ያለው ሰው ነኝ።

የሚከፋኝ ሌላ ነው። ክፉ ነገር በተከሰተ ቁጥር ሕጉ የሚከብደው ሕግ አክባሪው ላይ ነው፣ ሕግ የማያከብረው ወንጀለኛ ግን እንደልቡ ነው። ኒውዚላንድ ክራይስትቸርች ላይ በ2019 ማርች 15 ቀን 51 ሰው ተገደለ። አንድ ወር ሳይሞላ ምክር ቤቱ 119 ለ 1 ድምፅ ሰጥቶ አብዛኛውን ከፊል አውቶማቲክ (ቃታው በተሳበ ቁጥር አንድ ተኩሶ ቀጣዩን ጥይት ራሱ የሚያጎርስ) መሣሪያ አገደ። ሐዘኑ ይገባኛል። ግን ያስረከቡት ስማቸውና አድራሻቸው የሚታወቅ ሰዎች ናቸው። ብራዚልን እዩ፣ በ2005 የመሣሪያ ሽያጭ ይታገድ ተብሎ ሕዝቡ ተጠየቀ፣ ወደ 64 ከመቶው እምቢ አለ። ፖሊስ የማይደርስለት ሰው መሣሪያውን አስረክብ ሲባል ይፈራል፣ ፍርሃቱ የሞኝ ፍርሃት አይደለም። ሕግ ከማውጣት በፊት ፖሊሱ ይምጣ የሚል ሰው ላይ አትፍረዱ።

—

የሕግ_ነገር፦

ዒላማ፣ ስለ ፖሊሱ ያልከው ልክ ነህ፣ እቀበላለሁ። ግን አንድ ቦታ ላይ አልስማማም። የክራይስትቸርቹ ገዳይ ራሱ ፈቃድ ነበረው። መሣሪያዎቹን የገዛው በሕጋዊ መንገድ ነው። በ2023 ፕራግ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ 14 ሰው የገደለውም መሣሪያው ሕጋዊ ነበር። «ሕጋዊው» እና «ወንጀለኛው» ሁለት የተለያዩ ሰዎች ናቸው የምንለው እስከዚያች ቀን ድረስ ብቻ ነው። አንተን በር ድረስ መጥተው የሚያዩህም ለዚህ ይመስለኛል። ፈቃድ ሲሰጥህ የነበርከው ሰው ዛሬም እንዳለህ ለማየት።

ጃፓንን ማንም አልነካትም፣ እኔው ልጨርሰው። በ1958ቱ ሕግ መሠረት ሽጉጥ ለግለሰብ ዝግ ነው። ሾትገን ለመያዝ ትምህርት ትከታተላለህ፣ ትፈተናለህ፣ ትተኩሳለህ፣ ሐኪም ያይሃል፣ ፖሊስ ጎረቤትና ቤተሰብህን ይጠይቃል። መሣሪያው ቤትህ ውስጥ የት እንደሚቀመጥ ለፖሊስ ታሳያለህ፣ ጥይቱ ለብቻው ነው። በየዓመቱ መሣሪያውን ይዘህ ሄደህ ታስመረምራለህ። በአንድ ተኩስ አንድ ጥይት ወደ ሩቅ የሚልከውን ጠመንጃ (ራይፍል) የምትፈልግ ከሆነ መጀመሪያ ሾትገን አሥር ዓመት መያዝ አለብህ። አሥር ዓመት! ደቡብ ኮሪያ ደግሞ ጭራሽ የአደን ጠመንጃ የሚቀመጠው ፖሊስ ጣቢያ ነው፤ ስትፈልገው ወስደህ ትመልሳለህ።

«ባህሉ ነው» ለሚለው ባልደረባህ ይህን ንገረው። ጃፓን የሳሙራይ፣ ማለትም የሰይፍ ታጣቂ ጦረኞች አገር ነበረች። በ1588 ሂዴዮሺ የሚባለው ገዢ የገበሬውን ሰይፍና ጠመንጃ በአዋጅ አስለቀመ። በ1876 ሰይፍ ታጥቆ መሄድ ለሳሙራዮቹም ጭምር ታገደ። ያ ዛሬ ባህል የሚባለው ነገር በአዋጅ ላይ አዋጅ ተደርቦ፣ ትውልድ ሲያልፍበት የመጣ ነው። ፍጹም አይደለም፤ የቀድሞው ጠቅላይ ሚኒስትር ሺንዞ አቤ በ2022 የተገደሉት አንድ ሰው በቤቱ በሠራው መሣሪያ ነው። ግን ገዳዩ ከሱቅ ማግኘት ስላልቻለ ቱቦ ገጣጥሞ መሥራት ነበረበት።

—

ብሩክ_ዘ፦

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ሰናይት፣ የጻፍሽውን ደጋግሜ አነበብኩት፤ ነፍስ ይማር። ማታ ወንድሜ ጋ ደወልኩ። ሽጉጡ የት ነው አልኩት። «ቁም ሣጥን ላይ፣ ልጆቹ አይደርሱበትም» አለኝ። ትልቁ ሰባት ዓመቱ ነው፣ ወንበር መግፋት ያውቃል። ተቆጣሁት። ነገ የብረት ሳጥን እገዛለሁ ብሏል፤ ፎቶ ላክልኝ ብዬዋለሁ።

ሌላ ነገርም ነገረኝ። በሥራ ምክንያት በቅርቡ ወደ ካናዳ ሊዛወሩ ነው። ሽጉጡንና አንድ የአደን ጠመንጃ ይዞ መግባት ይችላል?

—

መንገደኛ፦

ሽጉጡን እንዳያስበው። ካናዳ ከኦክቶበር 21 ቀን 2022 ጀምሮ ሽጉጥ በግለሰቦች መካከል መሸጥ፣ መግዛት፣ ማስተላለፍ ዘግታለች፤ ወደ አገር ማስገባቱም እንዲሁ፣ በጣም ጥቂት ሰዎች ሲቀሩ። ጠመንጃውም ዓይነቱ ይታይ። በ2020 ወደ 1,500 የሚሆኑ ሞዴሎች ታግደዋል፣ ኤአር-15 የሚባለው ከፊል አውቶማቲክ ጠመንጃ አንዱ ነው። ተራ የአደን ጠመንጃ ከሆነ ይቻላል፣ ግን ድንበር ላይ ሳይደብቅ ማስታወቅ አለበት። ነዋሪ ሆኖ ለመያዝም የካናዳ ፈቃድ ያስፈልገዋል። ትምህርት አለው፣ ፈተና አለው፣ ለአዲስ አመልካች ቢያንስ 28 ቀን መጠበቅ አለ።

የካናዳው ፈቃድ ማመልከቻ ቅጽ ላይ ለሚስቱም ቦታ አለ። ባለፉት ሁለት ዓመታት አብራው የኖረች የትዳር ጓደኛ፣ የተፋታችም ብትሆን፣ እንድትፈርም ይጠየቃል። ካልፈረመች ባለሥልጣኑ ራሱ ያሳውቃታል። የአሜሪካው ቅጽ ላይ ይህ ጥያቄ የለም። እና ከመነሳታቸው በፊት የመኪናውን መሳቢያና የሻንጣዎቹን ኪስ በደንብ ይፈትሽ፤ አንድ የተረሳች ጥይት ድንበር ላይ መዘዝ ታመጣለች።